ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ውጭ ለምትሰቅሉት ባንዲራ፦ ጨርቁ፣ ስፌቱና ምልክቱ

መስከረም ሲጠባ ባነር ቤቶች ላይ ወረፋ ይበዛል። ትምህርት ቤት ይከፈታል። ጥቅምት በገባ በመጀመሪያው ሰኞ የሰንደቅ ዓላማ ቀን አለ። የእግር ኳስ ቡድኑም፣ የመረዳጃ ማኅበሩም፣ ፒያሳ አካባቢ አዲስ የተከፈተው ሆቴልም "ባንዲራ ስሩልን" ብሎ ይመጣል። ሰሪው አንድ ነገር ብቻ ይጠይቃል፤ "ስንት በስንት?" ደንበኛው ይመልሳል፣ ቀብድ ይከፍላል፣ ይሄዳል። በጋው ሳያልቅ ጫፉ ተተልትሎ፣ ቀዩ ሮዝ ሆኖ፣ ግማሹ ምሰሶው ላይ ተጠምጥሞ ታገኙታላችሁ።

ጥፋቱ የልኩ አይደለም። ውጭ የሚሰቀል ባንዲራ ወረቀት ላይ ካለ ስዕል ይለያል። ይንቀሳቀሳል። ከሩቅ ይታያል። ከፊትም ከኋላም ይታያል። ጨርቁንም፣ ስፌቱንም፣ ላዩ ላይ የሚያርፈውን ምልክትም የሚወስኑት እነዚህ ሦስቱ ናቸው። ምልክቱን ለዲዛይነር፣ ጨርቁን ለሱቅ፣ ስፌቱን ለልብስ ሰፊ ብላችሁ ለየብቻ ከበተናችሁት፣ ሦስቱም ሥራቸውን አሳምረው ሠርተው እንኳን ባንዲራው ቀሽም ሊሆን ይችላል።

መጀመሪያ ጨርቁ

ገበያ ላይ የሚያብለጨልጭ ቀጭን ጨርቅ ሁሉ "ናይለን" ነው የሚባለው። ሳቲኑም፣ ፖሊስተሩም፣ ለገበር የመጣውም። ሻጩ ሊያታልላችሁ ፈልጎ ላይሆን ይችላል፣ እሱም የሚያውቀው በዚሁ ስም ነው። ማረጋገጫው ቀላል ነው። ከጠርዙ ጥቂት ክሮች ምዘዙ፣ በወረንጦ ያዙና ከሱቁ ወጣ ብላችሁ ክብሪት አስጠጉ። ጥጥ ከሆነ ቦግ ብሎ ይነዳል፣ የተቃጠለ ወረቀት ይሸታል፣ ግራጫ አመድ ሆኖ ይቀራል። ናይለን ግን ከእሳቱ ይሸሻል። ይኮማተራል፣ ይቀልጣል፣ ሲበርድ ጫፉ ላይ ጠንካራ ፍሬ ይሠራል። ፖሊስተርም ይቀልጣል፣ ግን ጥላሸት ያለው ጥቁር ጭስ ያወጣል። ጣታችሁን አደራ፣ የቀለጠው ጠብታ ቆዳ ላይ ካረፈ አይለቅም።

ናይለን አሜሪካ ውስጥ በዱፖንት ቤተ ሙከራ፣ በዋላስ ካሮዘርስ ቡድን እ.ኤ.አ. በ1935 የተሠራ ነገር ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፓራሹት ሆነ። ለፓራሹት ያስመረጠው ጠባይ ለባንዲራም ይጠቅማል፤ ቀላል ነው፣ ጠንካራ ነው፣ ሲወጠር ይለጠጥና ይመለሳል። ትንሽ ነፋስ ይበቃዋል። ዝናብ ቢመታው ብዙ ውሃ አይጠጣም፣ ቶሎ ይደርቃል፣ በቀላሉ አይሻግትም። ሐምሌና ነሐሴን ዝናብና ጉም እየተፈራረቁ ለሚይዟት ደሴ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። የጥጥ ባንዲራ በዚያ ወቅት ምሰሶው ላይ ተለጥፎ ይውላል፣ ውሃ የጠጣው ክብደቱ ራሱ ስፌቱን ይጎትተዋል። ኮምቦልቻ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ከተማ ናት፣ የጥጥ ጨርቅ ብርቅ አይደለም፣ እሱን ግን ለአዳራሽ ውስጥ ባንዲራ አድርጉት። እዚያ ሞገሱ ሌላ ነው።

የናይለን ጠላቱ ፀሐይ ነው። ጨረሩ ክሩን ቀስ በቀስ ያደክመዋል፣ ቀለሙንም ይበላዋል። ደሴ ብርድ ናት ብላችሁ ፀሐይዋን አትናቋት። ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነው የተቀመጠችው፣ ከፍታ በጨመረ ቁጥር ደግሞ ጨረሩን የሚያጣራው አየር ይሳሳል። እናም ቀዝቀዝ ባለ ቀንም ባንዲራው እየተቃጠለ ነው። ሐረጎን ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትገቡ ከፍታው ወደ 1,850 ሜትር አካባቢ ይወርዳል፣ ሙቀቱ ይጨምራል፣ ጉሙም ያን ያህል አያስቸግርም።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። ምሰሶው ግቢ ውስጥ፣ ሕንፃ መሃል፣ ነፋስ እየመጣ በሚሄድበት ቦታ ከሆነ ናይለን ያዙ። ውጭ አገር ለደጅ ባንዲራ የተለመደው ውፍረት 200 ዴኒየር (የክር ውፍረት መለኪያ) ነው፣ ጥቅልሉ ላይ ከተጻፈ ተመልከቱት። ካልተጻፈ ጨርቁን ወደ ብርሃን አንሱት፤ የእጃችሁ ጣቶች አንድ በአንድ ጥርት ብለው ከታዩ ሳስቷል፣ ተዉት። ምሰሶው ግን ገደል አፋፍ ላይ፣ ኮረብታ ራስ ላይ ወይም ፎቅ ጣሪያ ላይ ከሆነ፣ ለምሳሌ አዝዋ ገደል አካባቢ ለሚቆም ነገር፣ ወፈር ያለ የተሸመነ ፖሊስተር ይሻላል። እሱ ከባድ ስለሆነ በትንሽ ነፋስ አይነሳም፣ ጠንካራ ነፋስ ግን ችሎ ያድራል። ቦታችሁ ከሁለቱ መሃል ከሆነ እኔ ናይለኑን እመርጣለሁ። ምሰሶ ላይ ሞቶ የተንጠለጠለ ባንዲራ ለማንም ምንም አይናገርም።

ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ነገር አትርሱ። ነጭ መሐረብ ወይም ሶፍት አርጥቡና ቀዩን ጨርቅ ጠበቅ አድርጋችሁ አሹት። ነጩ ሮዝ ከሆነ ያ ቀለም በመጀመሪያው ዝናብ ወደ ቢጫው ይሻገራል። ሻጩ "ኧረ አይለቅም!" ቢላችሁም የምታምኑት መሐረቡን ነው።

ነፃው ጫፍ

ባንዲራ ከምሰሶው በራቀው ጫፍ ነው የሚሞተው። በገመዱ በኩል ያለው ታስሯል፣ ብዙ አይንቀሳቀስም። ነፃው ጫፍ ግን ቀኑን ሙሉ ይገረፋል። መጀመሪያ የሚሄዱት ሁለቱ ማዕዘኖች ናቸው፣ በተለይ የታችኛው፤ እዚያ ጋ ክሩ ይፈታል፣ ከዚያ ስንጥቁ ወደ ውስጥ ይሮጣል። ሰፊያችሁ ይሄን ካላወቀ ጫፉን እንደ ቀሚስ ዘርፍ አንዴ አጥፎ በአንድ መስመር ይጨርሰዋል።

አንድ ሽማግሌ ሰፊ ጋ ሆኜ የሰማሁት ንግግር ይሄ ነው። ልጅቷ የትምህርት ቤት ባንዲራ ይዛ መጥታ "ጋሼ፣ ይሄኛው ጫፍ አራት መስመር ይሰፋልኝ" አለቻቸው። "አራት? ምነው ልጄ፣ ከረጢት መሰለሽ እንዴ?" አሏት። "ነፋሱ ጋሼ፣ ያምናውን በልቶብናል።" ሳቁና አራት መስመር መቱላት። ልክ ናት። ጫፉ ሁለቴ ይታጠፍ፣ ሦስት ወይም አራት መስመር ይመታ፣ ማዕዘኖቹ ላይ ደግሞ ከዚያው ጨርቅ የተቆረጠ ትንሽ ሦስት ማዕዘን ከውስጥ ይጨመር። መርፌው ቀጭን ይሁን። ስፌቱም እጅግ ጥቅጥቅ አይበል፣ ናይለን ላይ በጣም የተጠጋጋ ቀዳዳ እንደ ቴምብር ጠርዝ ይቀደዳል። ክሩ ፖሊስተር ይሁን፤ የጥጥ ክር ጨርቁ ሳይሞት ቀድሞ ይበሰብስና ባንዲራው ደህና ሆኖ ስፌቱ ተፈትቶ ይወድቃል።

ናይለን ሲቆረጥ ጠርዙ ይተረተራል። መቀስ ከተጠቀማችሁ የተቆረጠውን ጠርዝ ሻማ አጠገብ ፈጠን አድርጋችሁ አሳልፉት፣ ቀልጦ ይዘጋል። ፈጠን፣ አላቆምም በሉ፤ ከቆማችሁ ይጠቁራል፣ ይጨማደዳል። የጋለ ብየዳ ብረት፣ ሬዲዮ ጠጋኞች የሚይዙት ዓይነት፣ ከሻማ ይሻላል ምክንያቱም እየቆረጠ ይዘጋል።

በገመዱ በኩል ያለው ጎን ላይ ወፍራም ነጭ ሸራ ሁለት እጥፍ አድርጋችሁ አሰፉ። ገመድ የሚገባባቸው ቀለበቶች የናስ ይሁኑ። የብረቱ ርካሽ ነው፣ ግን አንድ ክረምት ዝናብ ሲያገኘው ይዝጋል፣ ዝገቱም ነጩ ሸራ ላይ ወርዶ ቡናማ መስመር ይሠራል፣ ቆይቶም ሸራውን ይበላዋል።

የኛን ሰንደቅ ዓላማ ስታሰሩ

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በቁጥር ነው። በአዋጅ 654/2001 መሠረት የኢትዮጵያ ሰንደቅ ዓላማ ወርዱ ለቁመቱ 1 ለ 2 ነው። ከውጭ ተሰፍቶ የሚመጣው ዝግጁ ባንዲራ ግን ብዙውን ጊዜ 90 በ150 ሴንቲ ሜትር ነው፣ ይሄም የአሜሪካኖቹ ሦስት ጫማ በአምስት ጫማ ነው። ቀለሙ የኛ ሆኖ ልኩ የነሱ ነው። ወርዱ 90 ከሆነ ርዝመቱ 180 መሆን አለበት። ሦስቱ ቀለሞች እኩል ስለሆኑ እያንዳንዳቸው ተሰፍተው ሲያልቁ 30 ሴንቲ ሜትር ይሆናሉ፤ ለስፌት የሚታጠፈውን ጨምራችሁ ቁረጡ። መጋጠሚያውን እንደ ጂንስ ሱሪ ጎን ድርብ ስፌት አድርጉት፣ ከሁለቱም በኩል ጠርዝ አይታይም።

አርማውን በስክሪን ፕሪንት ከማሳተም ማሰፋት ይሻላል። ሰማያዊውን ክብ ከፊት በኩል ሰፍታችሁ ከኋላ ያለውን የተደበቀ ጨርቅ በጥንቃቄ ቆርጣችሁ ካወጣችሁ አንዱ ክብ ከሁለቱም በኩል ይታያል። ኮከቡና ጨረሮቹ ግራና ቀኛቸው እኩል ስለሆነ ከኋላም ስታዩት ያው ነው፣ አይገለበጥም። ይሄን ነገር ልብ በሉት፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

ትርጉሙ አዋጁ ላይ አለ። አረንጓዴው ሥራን፣ ልምላሜንና ዕድገትን፣ ቢጫው ተስፋን፣ ፍትሕንና እኩልነትን፣ ቀዩ ለነፃነትና ለእኩልነት የሚከፈል መሥዋዕትነትንና ጀግንነትን ይወክላል። ሰማያዊው ክብ ሰላም ነው፣ ኮከቡ አንድነት፣ ጨረሮቹ ብሩህ ተስፋ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 3 ላይም ስለ አርማው ተመሳሳይ ሐሳብ አለ፣ የብሔር ብሔረሰቦችና የሃይማኖቶች በእኩልነትና በአንድነት የመኖር ተስፋ ይላል።

ሦስቱ ቀለሞች በአንድ ጨርቅ ላይ ተሰፍተው የአገር ሰንደቅ የሆኑት ከአድዋ ድል ብዙም ሳይቆይ፣ እ.ኤ.አ. በ1897 ነው። ያኔ ቀዩ ከላይ ነበር። ለአድዋ ጦርነት ሰበብ የሆነው ውል በ1889 የተፈረመው ደግሞ ከደሴ ሩቅ ባልሆነችው ውጫሌ ነው፣ ስለዚህ የዚህ ባንዲራ ታሪክ ለወሎ ሰው የጎረቤት ወሬ ነው። ጋና እ.ኤ.አ. በ1957 ነፃ ስትወጣ እነዚህኑ ሦስት ቀለሞች ያዘች፣ ሌሎችም የአፍሪካ አገሮች ተከተሉ። አንድ ባንዲራ ከሩቅ የሚለይ ከሆነ ምን ያህል እንደሚጓዝ ከዚህ በላይ ማሳያ የለም።

የክልል ባንዲራ ከሆነ የምታሰሩት፣ ሕገ መንግሥቱ ክልሎች የራሳቸው ባንዲራ እንዲኖራቸው ይፈቅዳል፣ ዝርዝሩን የሚወስነው ግን የየክልሉ ምክር ቤት ነው። ስለዚህ ልኩንና ቀለሙን ስልክ ላይ ካገኛችሁት ፎቶ አትውሰዱ። ፎቶው የተጎተተ ሊሆን ይችላል፣ ቀለሙ የተዛባ ሊሆን ይችላል፣ አንዳንዴም የተለወጠ የድሮ ባንዲራ ነው። ሶማሌ ክልል እ.ኤ.አ. በ2018 ባንዲራውን ቀይሯል፣ የቀድሞው ግን ኢንተርኔት ላይ እስካሁን ይዞራል። ኦሮሚያ መሃሉ ላይ የኦዳ ዛፍ አለው፣ የገዳ ጉባኤ የሚካሄድበት ዛፍ ነው፤ ቅርንጫፉን እንደፈለጋችሁ አትሳሉት። ከሚመለከተው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ትክክለኛውን ልክና ሥዕል ጠይቃችሁ ውሰዱ።

የራሳችሁን ምልክት ስትመርጡ

ለቡድን፣ ለትምህርት ቤት፣ ለማኅበር አዲስ ባንዲራ ማሰራት ግን ሌላ ጨዋታ ነው። እዚህ ጋ ነፃ ናችሁ፣ ስለዚህ የማበላሸት ዕድላችሁም ሰፊ ነው።

ምሳሌ የማመጣው ከአሜሪካ ግዛቶች ነው። ለምን ብትሉ፣ እዚያ 50 ግዛቶች አሉ፣ እያንዳንዱ የራሱ ባንዲራ አለው፣ ጥሩውም መጥፎውም ተደርድሮ ይታያል። ደሴም ኮምቦልቻም አሜሪካ ዘመድ ያለው ቤት ብዙ ነው፣ ከሜሪላንድ ወይም ከሚኒሶታ የመጣ ሰው ሻንጣ ውስጥ አንድ የናይለን ባንዲራ ቢገኝ አይገርምም። ካገኛችሁ ገልብጣችሁ እዩት። ነጭ ሸራው፣ ሁለቱ የናስ ቀለበቶች፣ ነፃው ጫፍ ላይ ያሉት የተደራረቡ ስፌቶች፤ ከላይ ያልኳችሁ ሁሉ እዚያ ላይ አለ።

አሁን ምልክታቸውን እዩ። ብዙዎቹ አንድ ዓይነት ናቸው፤ ሰማያዊ ጨርቅ፣ መሃሉ ላይ የግዛቱ ማኅተም፣ ዙሪያው ጽሑፍ። ቨርጂኒያ እንዲህ ነው። ማኅተም ለወረቀት የተሠራ ነገር ነው፣ ሰው ቀርቦ እንዲያነበው። ምሰሶ ላይ ሲወጣ ግን ከመንገድ ማዶ የሚታየው ሰማያዊ ጨርቅ መሃል ላይ ያለ ብዥታ ነው። ሚኒሶታ ይሄ ሰልችቷት እ.ኤ.አ. በ2024 ቀየረችው፤ አሁን በምሰሶው በኩል የግዛቷን ቅርጽ የሚያስታውስ ጥቁር ሰማያዊ፣ እሱ ላይ ባለ ስምንት ጫፍ ነጭ ኮከብ፣ የቀረው ቀለል ያለ ሰማያዊ ነው። በቃ። ጽሑፍ የለ፣ ገበሬ የለ፣ ፈረስ የለ።

የኒው ሜክሲኮ ደግሞ ዕድሜ ልኬን ባየው አልጠግበውም። ቢጫ ጨርቅ ላይ አንድ ቀይ ፀሐይ፣ ከዚያ ወደ አራት አቅጣጫ አራት አራት ጨረር። ምልክቱ የተወሰደው "ዚያ" ከሚባል ነባር የፑዌብሎ ሕዝብ ነው፣ አራት ለነሱ ክቡር ቁጥር ነው፤ አራቱ አቅጣጫዎች፣ አራቱ ወቅቶች፣ የቀኑ አራት ክፍሎች፣ የሰው ዕድሜ አራት ደረጃዎች። ቀይና ቢጫው ከስፔን የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1925 የጸደቀ ሆኖ በ2001 የባንዲራ አጥኚዎች ማኅበር በሰሜን አሜሪካ ባንዲራዎች ላይ ባደረገው ምርጫ አንደኛ ወጣ። በዚያው ምርጫ መጨረሻ የወጣው የጆርጂያ የዚያ ጊዜው ባንዲራ ነበር፤ ማኅተም አለው፣ ከማኅተሙ ሥር ሪባን አለ፣ ሪባኑ ላይ ደግሞ አምስት ትንንሽ ባንዲራዎች ተደርድረዋል። ባንዲራ ውስጥ ባንዲራ! እ.ኤ.አ. በ2003 ተቀየረ። ሁሉንም ወገን ለማስደሰት የተሠራ ምልክት መጨረሻው ይሄ ነው፣ ኮሚቴ ውስጥ ያላችሁ ሰዎች ይሄን ልብ በሉ።

የአላስካ ባንዲራ የልጅ ሥራ ነው። ቤኒ ቤንሰን የሚባል የ13 ዓመት ተማሪ ለውድድር ያቀረበው ሥዕል እ.ኤ.አ. በ1927 ጸደቀ፤ ጥቁር ሰማያዊ ሰማይ ላይ ስምንት ወርቃማ ኮከቦች፣ ሰባቱ የታላቁ ድብ፣ አንዱ የሰሜን ኮከብ። ዲዛይነር ከመፈለጋችሁ በፊት ለተማሪዎቻችሁ ወረቀትና ከለር ስጧቸው የምለው ለዚህ ነው። ደቡብ ካሮላይና ሰማያዊ ላይ ነጭ የዘንባባ ዛፍና ጨረቃ መሰል ቅርጽ አላት፤ ዛፉ እዚያ የገባው እ.ኤ.አ. በ1776 በዘንባባ ግንድ የታጠረው ምሽግ የእንግሊዞችን መድፍ ስለቻለ ነው። አንድ ዛፍ ብቻ ስለው ሙሉ ጦርነት ነገሩ። ሜሪላንድ ሌላ ዓይነት ነው፤ የሁለት ቤተሰብ አርማ ተቀጣጥሎ የተሠራ፣ ጥቁርና ወርቃማ፣ ቀይና ነጭ፣ ዓይን ያወጣ ድብልቅልቅ። የጥሩ ዲዛይን ደንብ ሁሉ ይጥሳል፣ ግን የትም ብታዩት ከሌላ ጋር አትቀላቅሉትም።

የኋላውን ነገር አሁን ላምጣው። ናይለን ላይ የታተመ ነገር ወደ ኋላ ያሳልፋል፣ ከኋላ የሚታየው ግልባጩ ነው። ጽሑፍ ከጻፋችሁ ከግማሹ አቅጣጫ የሚመጣ ሰው ተገልብጦ ነው የሚያየው። መፍትሔ አለው፤ ሁለት ባንዲራ ሠርታችሁ መሃላቸው ላይ ብርሃን የማያሳልፍ ጨርቅ ከታችሁ ማሰፋት። ኦሪገን ብቻ ናት ከግዛቶቹ መሃል ፊትና ኋላው የተለያየ ባንዲራ ያላት፣ ከኋላ በኩል ቢቨር የሚባል እንስሳ አለ፣ እናም ዋጋውም ክብደቱም ይጨምራል። ሦስት እጥፍ ጨርቅ ደግሞ የደሴ ነፋስ በቀላሉ አያነሳውም። ስለዚህ ምክሬ አጭር ነው፤ ጽሑፍ አትጻፉ። "ግን ስማችን ካልተጻፈ በምን ይታወቃል?" የሚል ሰው ኮሚቴው ውስጥ አይጠፋም። በምልክቱ ይታወቃል፣ ካልታወቀ ምልክቱ አልሠራም ማለት ነው። ስሙን በር ላይ ላሜራ አስገጥሙና ጻፉት።

ለምሳሌ ጦሳ ሥር ያለ ትምህርት ቤት ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? ተራራውን ከነዛፉ፣ ከነቤቱ አትሳሉ። አንድ ሰፊ ጥቁር አረንጓዴ ሦስት ማዕዘን፣ ወገቡ ላይ አንድ ነጭ መስመር፣ ጉሙ እሱ ነው፣ ከኋላው ቢጫ። ከግራም ከቀኝም ያው ነው። ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩትን አይጠየፍ አዳራሽ ለመጠቀም ከፈለጋችሁም የጣሪያውን ቅርጽ ብቻ ውሰዱ፤ መስኮቱን መቁጠር ለፎቶ ነው። ጠቆር ያለ ቀለም ጠቆር ያለ ላይ፣ ፈካ ያለ ፈካ ያለ ላይ አታስቀምጡ። አረንጓዴ ላይ ቀይ ከሩቅ ቡናማ ይመስላል፣ ቢጫ ወይም ነጭ መሃላቸው ይግባ። ዋናውን ምልክት መሃል ላይ ወይም ወደ ምሰሶው ጠጋ አድርጉት፤ ነፃው ጫፍ ሁልጊዜ እየታጠፈ ስለሆነ እዚያ ያስቀመጣችሁት ነገር አይታይም፣ መጀመሪያ የሚቀደደውም እሱ ነው።

አንድ ማሳሰቢያ፣ የማኅበራችሁን ምልክት በአገሪቱ ሰንደቅ ዓላማ ላይ አትጨምሩ። ሕጉ አይፈቅድም። የራሳችሁን ለብቻው ስሩ።

ሥዕሉ ሲያልቅ ወረቀት ላይ አትሙትና ግቢው ዳር ካለ ግድግዳ ላይ ለጥፉት፣ እናንተ ሌላኛው ዳር ላይ ቁሙ። ከዚያ ወረቀቱን አንሱና አንድ ልጅ ካየው በኋላ በቃሉ ይሳለው። የሳለው ከመሰለ አሰሩት።

ምሰሶው

የባንዲራው ርዝመት የምሰሶው ቁመት አንድ ሦስተኛ ወይም አንድ አራተኛ ያህል ቢሆን ያምራል። ለ180 ሴንቲ ሜትር ባንዲራ ከ6 እስከ 7 ሜትር ምሰሶ ማለት ነው። በያጆቹ ጋልቫናይዝድ የውሃ ቱቦ ይጠቀማሉ፣ ጥሩ ነው፣ ግን ራሱን ዝጉት፤ ክፍት ከተተወ ዝናብ ገብቶ ከውስጥ ይበላዋል። የተበየደበትን ሁሉ አንቲ ረስት ቀቡ። የሚቀበረው ቢያንስ የቁመቱ አንድ አሥረኛ ይሁን፣ በኮንክሪት። የኤሌክትሪክ ሽቦ አጠገብ በፍጹም አትትከሉ፣ ባንዲራ ባይነካው እንኳን ምሰሶውን ስታቆሙ ሊያዘነብል ይችላል።

ሌላው ዙሪያውን ማየት ነው። ባንዲራው ሙሉ በሙሉ ተዘርግቶ በየትኛውም አቅጣጫ ቢዞር ምንም መንካት የለበትም። ባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ይቧጭረዋል፣ የቆርቆሮ ጣሪያ ጠርዝ ደግሞ ይቆርጠዋል፣ ቀልድ የለም።

ከተሰቀለ በኋላ

ማታ አውርዱት። ለአገር ሰንደቅ ዓላማ ደንቡም ነው፣ ለጨርቁም ዕድሜ ነው። በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ከመጣ ቀንም ቢሆን አውርዱ። እርጥብ ሆኖ አትጠፉት፣ ጥላ ውስጥ ዘርግታችሁ አድርቁት። ኮምቦልቻ ላይ አቧራው ጨርቁ ውስጥ ይገባል፣ ሲወዛወዝ ደግሞ ክሩን እያሸ ይበላዋል፣ ስለዚህ ቶሎ ቶሎ እጠቡት፤ ቀዝቃዛ ውሃ፣ ለስላሳ ሳሙና፣ በረኪና ፈጽሞ የለም። ካውያ የግድ ካስፈለገ ቀዝቀዝ ያለ፣ ላዩ ላይ ጨርቅ ጣል አድርጋችሁ። ናይለን ከጋለ ካውያ ጋር ከተገናኘ ካውያውም አብሮ ይበላሻል።

ሁለት ባንዲራ መያዝ አንድ ከመያዝ ይረክሳል። እየቀያየራችሁ ብትሰቅሉ አንዱ ሲታጠብና ሲጠገን ሌላው ይሠራል።

ጥገናው ደግሞ ነፃው ጫፍ ላይ ነው። በየሳምንቱ ስታወርዱት ማዕዘኖቹን በጣት ዳስሱ፣ አንድ ክር ብቅ ካለ ያን ጊዜ ነው ሰፊ ጋ የሚኬደው። የተተለተለውን ቀጥ አድርጋችሁ ቆርጣችሁ ጠርዙን አቅልጡ፣ እንደገና አጥፋችሁ አራት መስመር አሰፉ። የማኅበር ባንዲራ ከሆነ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ቢያጥር ማንም አያየውም። የአገር ሰንደቅ ዓላማ ከሆነ ግን ሜትር ያዙ፤ ከ180 ወደ 165 ከወረደ 1 ለ 2 መሆኑ ቀርቷል፣ ቀለሙ የደበዘዘ ወይም የተቀደደ ሰንደቅ መስቀልም ክልክል ነው፣ አዲስ አሰሩ። ሸራውንና የናስ ቀለበቶቹን ግን ፈትታችሁ አስቀምጡ፣ ለሚቀጥለው ይሆናሉ።